መሽተት ያለበት ጣሪያው ነው

ኖቬምበር 8፣ እሑድ

ደረስን። ያው የአምናው ቦታ፣ ያው ጠጠር መሬት፣ ያቺው እሾሃም ዛፍ። ከሰሜን ዳኮታ እስከዚህ አሪዞና በረሃ ድረስ መኪናዋ አንዴም አላስቸገረችን። ጎማዎቹ ስር ጣውላ አስገብቼ ቤታችንን አስተካከልኩ... ቤት ልበላት ወይስ መኪና? ጡረታ ከወጣን ወዲህ አልጋችንም፣ ምድጃችንም፣ ሽንት ቤታችንም እዚሁ ጎማ ላይ ነው። አርዲስ ደረጃውን ጠረገች። የፕላስቲክ አበባዋን በር ላይ ሰቀለች። ጠዋት ካፖርት፣ እኩለ ቀን ላይ ጉርድ እጅጌ። ለዚህ አይደል የመጣነው?

ከሰዓት በኋላ ከውስጥ ጠራችኝ።

«ዌንዴል፣ ይሸታል።»

«ምኑ?»

«ምኑ ይባላል? የእዳሪው ታንከር ነዋ! የሽንት ቤቱን በር ገና ስከፍተው በጥፊ አጮለኝ።»

ገባሁ። እንደ ውሻ አነፈነፍኩ። እንደ አዋቂ ራሴን ነቀነቅኩ። «መንገድ ላይ ተናውጦ ነው፤ ነገ ይረጋል» አልኳት። አፌ እንዴት ደፈረ?

ኖቬምበር 10፣ ማክሰኞ

ለሰው ባልናገረው ለራሴ ልናገረው። አፍንጫዬ ሞቷል።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ነው የጀመረኝ። ጉንፋን ነው ብዬ ተውኩት። ጉንፋኑ ሄደ፣ ሽታ ግን አልተመለሰም። ቡና ሙቅ ውሃ ሆነ። ሳሙና ድንጋይ። ትናንት ሽንት ቤቱ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ታንከሩ ላይ አፍንጫዬን ልደፋ ምንም አልቀረኝም... ምንም አልሸተተኝም። የአርዲስ ዓይን ግን ያለቅስ ነበር።

እኔ! የእህል ጎተራ ውስጥ ያረጀሁት ሰውዬ! ገበሬው የጭነት መኪናውን ሳያቆም፣ ከስሩ እርጥብ ስንዴ እንዳለ በጠረኑ የምለይ። «ዌንዴል ካሸተተው የእርጥበት መለኪያውን መልሱት» ይሉ ነበር። ማታ ቤት ስገባ ደግሞ እራቱን ከበር ላይ ሆኜ ነበር የምጠራው። «ሽንኩርት በቅቤ! የአሳማ ሥጋ! ቀረፋ!» አርዲስ ከጓዳ «አንተ የውሻ አፍንጫ!» ብላ ትስቅ ነበር።

ለምን አልነገርኳትም? አባቴ ነዋ። የእሱም ነገር የጀመረው እንዲሁ ነው። አንድ ጠዋት «ቡናው ውሃ ሆነብኝ» አለ። እናቴ ሌላ ቡና ገዛች። ከዚያም ሌላ። ከዚያ እጁ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ እግሩ መጎተት፣ መጨረሻ ላይ እናቴን ራሷን «አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?» ማለት። አርዲስ ይህን ሁሉ አይታለች። መጨረሻ ላይ በማንኪያ ያጎረሰችው እሷ ናት። «ቡናው ውሃ ሆነብኝ» ብላት ሌላ ቃል አያስፈልጋትም።

እጄን ዘርግቼ አየሁት። አይንቀጠቀጥም። ይንቀጠቀጣል እንዴ? አይ። ሆድ ይፍጀው።

ኖቬምበር 13፣ ዓርብ

ሰማያዊውን የታንከር መድኃኒት ጠርሙስ ሙሉ ደፋሁበት። ከዚያ ውሃ። ከዚያ የልብስ ሳሙና። ከዚያ ደግሞ መድኃኒት። አርዲስን ጠራኋት።

«አሁንስ?»

ሽታውን አይደለም የማየው፣ የእሷን አፍንጫ ነው። ጥግ ጥጉ ሲሸበሸብ... አለቀልኝ።

«አሁን ደግሞ» አለች፣ «እዳሪ ላይ ሽቶ ተረጭቶበት ነው የሚሸተው።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

በኋላ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሽንት ቤቱ ጣሪያ ላይ ማራገቢያ አለ፤ ተዘግቶ የተቀመጠ፣ የማንነካው። ከፈትኩት። ጎተራ ውስጥ አቧራውን የምናወጣው እንዲያ ነበር፤ ከላይ ትስባለህ፣ ጠረኑም አቧራውም ሰማይ ቤት ይሄዳል። ይኸው ይዞራል። እንዴት ቀደም ብዬ አላሰብኩትም?

ኖቬምበር 15፣ እሑድ

ማራገቢያው ሌት ተቀን ይዞራል። ሽታው ብሶ አርዲስ አንገቷን በመስኮት አውጥታ መተኛት ብቻ ነው የቀራት።

ኖቬምበር 18፣ ረቡዕ

የወንበሩ ነገር...

አሥር ሰዓት ሲሆን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወንበሩን ተሸክሞ ይወጣል። ደንብ ነው። ማንም ማንም ቤት አይገባም፣ መጠጡንም ወንበሩንም ይዞ ይመጣና ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። ዘንድሮ ዛፏ እኛ በር ላይ ስላለች ክቡ የተሠራው እኛ ደጅ ነው።

መጀመሪያ ሚልት ተነሣ፤ ካናዳዊው ጎረቤታችን። «ፀሐይዋ ዓይኔን ወጋችኝ» አለና ወንበሩን ወዲያ ወሰደ። ፀሐይዋ ከጀርባው ነበረች! ከዚያ ሚስቱ። ከዚያ ሌሎቹ፣ አንድ በአንድ፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ። ፀሐይ ስትጠልቅ ክቡ ሚልት ደጅ ደርሶ ነበር። እኔና አርዲስ ብቻ ዛፏ ስር ቀረን፣ ወንበሮቻችንን አንስተን ተከተልናቸው። እኛ የሰሜን ሰዎች እንዲህ ነን። የሰው ቤት ሲቃጠል እንኳ «ትንሽ ሞቅ አለ አይደል?» ነው የምንለው።

ኤሎይሳ ብቻ ናት የተናገረችው። ከኒው ሜክሲኮ ናት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ትንሿን መኪናዋን ብቻዋን እየነዳች ነው የምትመጣው። አፏ ላይ ልጓም የለም።

«ዌንዴል፣ ታንከርህ ገማ!»

ሁሉም ጫማውን አየ። አርዲስ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«አውቃለሁ፣ እየሠራሁበት ነው» አልኩ።

«ምን ሠራህ? አብረኸው ነው የምትኖረው፣ አልለመድከውም እንዴ?»

መልመድ? ተዋውቀንስ እናውቃለን?

ከዛሬ ጀምሮ አፍንጫዬ ወንበሮቹ ናቸው። ሲርቁ እሸታለሁ ማለት ነው።

ኖቬምበር 21፣ ቅዳሜ

ምድጃው ስር ያለችው የጋዝ ማስጠንቀቂያ ከጠዋት ጀምሮ ስትጮህ ዋለች። የሲሊንደሩን መጋጠሚያ ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀባሁት። አንድም አረፋ አልነፋም፤ ጋዝ አያፈስም ማለት ነው። ሚልት እንዳለው የታንከሩ ትንፋሽም ያስጮኻታል። አርዲስ ጆሮዋን ይዛ «ወይ እሷን ዝም አሰኛት ወይ እኔ ልውጣ!» አለች። ሽቦዋን ነቀልኩት። ዝም አለች። ሰላም።

ከሰዓት በኋላ አርዲስ ከልጃችን ከማሪት ጋር በስልክ ስታወራ በመስኮት ሰማሁ። «ምድር ቤቱ ሞቃት ነው ወይ?» ትላለች። «አይ፣ አባትሽ ደህና ነው... እንጃ፣ ዝም ብሏል።»

ዝም ብያለሁ እንዴ?

ኖቬምበር 26፣ ሐሙስ

የምስጋና ቀን። የቱርክ ዶሮ በልተናል ሚልት ደጅ። ድሮ ሰው የምንጠራው እኛ ነበርን። አርዲስ የዱባ ኬኳን የጋገረችው በኤሎይሳ ምድጃ ነው፣ «እኛ ቤት ከተጋገረ ማን ይበላልኛል?» ብላ። ቆረስኩ፣ በላሁ። «ግሩም ነው» አልኳት። እንደ እርጥብ ወረቀት ነበር። ዓይኗን ሳትነቅል አየችኝ።

ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፦

«ዌንዴል፣ ማሪት ክፍሉን ቀለም አስቀብታዋለች።»

«የቱን?»

«ምድር ቤቱን። ለገና እንሂድና... እንቅር?»

«ለሽታ ብለሽ? ታንከር ሸተተ ተብሎ ቤት ይፈርሳል?»

«ለሽታው ብቻ አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«እንዲሁ።»

እንዲሁ! ይህች ሴትዮ ካገባኋት ጀምሮ ለምንም ነገር «እንዲሁ» ብላ አታውቅም። ለሁሉም ነገር ምክንያት አላት፣ ለአንዱ ሦስት አላት።

«እስከ ገና ካጠፋሁትስ?»

«አጥፋውና እናያለን» አለች።

የማሪት ምድር ቤት። ጥሩ ክፍል ነው፣ ልጄ ደግሞ ወርቅ ናት። ግን አንዴ ከገባሁ የምወጣው በሰው ትከሻ ነው። አባቴም እንዲያ ባለ ክፍል ውስጥ ነው ያለቀው። ማሪት ጋ ደግሞ ሐኪም አለ፣ ጥያቄ አለ... ይህን ሽታ ማጥፋት አለብኝ።

ኖቬምበር 27፣ ዓርብ

ያልሸተተኝን ጠላት በምን ልዋጋው?

ዲሴምበር 2፣ ረቡዕ

እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ይህኛው ግን የአባቴ አይደለም፣ የድንጋጤ ነው።

አርዲስ ከኤሎይሳ ጋር ልብስ ልታጥብ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ሻይ ይጠብቃት ብዬ ውሃ ጣድኩ። መስኮቱ ክፍት፣ ማራገቢያው ይጮሃል። ተቀምጬ የጋዜጣውን የቃላት ጨዋታ ጀመርኩ። ቆይቼ ቀና ስል እሳቱ የለም። ነፋስ አጥፍቶታል። ከመቼ ጀምሮ? እንጃ። መለኮሻውን አነሣሁ። ምድጃው ላይ ጎንበስ ስል በሩ ተከፈተ።

«እንዳትለኩስ!»

እንዲያ ያለ ድምፅ ከአርዲስ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ልብሱን ጣለችው። መለኮሻውን ከእጄ ነጠቀችኝ፣ ጋዙን ዘጋች፣ በኮሌታዬ ጎትታ ደጅ አወጣችኝ። ኤሎይሳ በሩንና መስኮቱን ሁሉ በረጋገደችው። የሲሊንደሩንም አፍ እሷ ናት የዘጋችው። ያቺ ማስጠንቀቂያ ደግሞ... ሽቦዋ ተነቅሎ፣ እንደ ሞተ ጥንዚዛ ተጋድማ። በገዛ እጄ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። አርዲስ ትንፋሽ አጠራት።

«ቤቱ ሞልቶ ነበር እኮ። ከበሩ ውጭ ሸተተኝ። አንተን እንዴት...» አየችኝ። «ዌንዴል፣ አይሸትህም እንዴ?»

መሬቱን አየሁ።

«ዌንዴል።»

«ቡናው...» አልኩ። «ቡናው ውሃ ሆነብኝ።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ አለቀሰች። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል። የእኔ አፍንጫ ተመታ፣ ዓይኑ የእሷ ሆነ።

ኤሎይሳ የወደቀውን ልብስ ከአቧራው ላይ አንድ በአንድ ለቀመች፣ አጣጠፈች፣ ደረጃው ላይ አስቀመጠች፣ ምንም ሳትናገር ሄደች። ኤሎይሳ! ምንም ሳትናገር!

ዲሴምበር 3፣ ሐሙስ

ጠዋት ውጭ ተቀምጠን አወራን። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ ነው ያወራነው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«በረዶው ሲቀልጥ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?»

«አባቴ ሳይደብቅ ምን መድኃኒት አገኘ?»

ይህን ማለት አልነበረብኝም።

«እኔ ምን እንዳሰብኩ ታውቃለህ?» አለች። «በር ላይ መጮህ ተውክ። ድሮ ገና ደረጃውን ስትረግጥ ምን እንደሠራሁ ትጠራ ነበር። ድንገት ተውከው። ገብተህ ትቀመጣለህ፣ ትበላለህ፣ 'ግሩም ነው' ትላለህ። የተቃጠለውንም ግሩም፣ ጨው የሌለውንም ግሩም። እኔ... እኔ ሰለቸሁት ብዬ ነበር። መንገዱም እኔም። ልጁ ጋ ብንሆን ይሻለዋል ብዬ ነው ማሪትን ያነጋገርኳት።»

«አንቺ አይደለሽም ምድር ቤት የፈለግሽው?»

«እኔ? ምድር ቤት? አብደሃል? መስኮት እንኳ የለውም!»

አየኋት። አየችኝ። ሁለት የሽማግሌ ጅሎች። እኔ ለእሷ ብዬ ታንከር ሳጥብ፣ እሷ ለእኔ ብላ ጓዟን ስትጠቀልል... ሳቃችን መጣ። ስቀን ስቀን እንደገና አለቀሰች። እኔም ትንሽ። እሺ፣ ትንሽ አይደለም።

«እፈራለሁ፣ አርዲ» አልኳት።

«እኔም እፈራለሁ» አለች። «ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ከዚያ በፊት ግን ይህን ታንከር አንድ ነገር እናድርገው፣ በእውነት ገማ።»

ዲሴምበር 5፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጦርነቱን አሸነፍን! ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጠዋት ሽንት ቤት ውስጥ ቆሜ ሳስብ ጎተራው ትዝ አለኝ። ነፋሱ በየት በኩል እንደሚስብ ማየት ስንፈልግ የገለባ ብናኝ እንበትን ነበር። ብናኙ የሄደበት፣ ነፋሱም እዚያ ነው። ለዚህ አፍንጫ አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል! ከሶፍት ጥቅሉ ቀጭን ቁራጭ ቀደድኩ። መቀመጫውን ከፈትኩ፣ የታንከሩን አፍ የሚከፍተውን ፔዳል ረገጥኩ፣ ሶፍቱን በቀዳዳው ላይ አንጠለጠልኩት።

ወደ ላይ ተነሣ! ከታንከሩ ወደ ፊቴ። ማራገቢያውን አጠፋሁት፤ ሶፍቱ ተንጠልጥሎ ቀረ። አበራሁት፤ ተነሣ።

አርዲስን ጠርቼ አሳየኋት። ነገሩ ገባት፣ እኔ ሳልጨርስ።

«ማራገቢያው ሽታውን ወደ ውጭ አይደለም የሚያወጣው! ከታንከሩ ጎትቶ ቤት ነው የሚያስገባው!»

«እ...»

«እና አንተ ሌት ተቀን ስትጋብዘው ከረምክ!»

«ጎተራ ውስጥ እንዲህ ነበር የ...»

«ጎተራው ስር እዳሪ ነበረው?»

አልነበረውም።

ግን ማራገቢያውን ከማብራቴ በፊትም ይሸት ነበር። ታንከሩ የራሱ መተንፈሻ አለው፣ በግድግዳው ውስጥ አልፎ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ቱቦ። ሽታው በዚያ ወጥቶ ነፋስ ሊወስደው ይገባል። ለምን አልወሰደውም? ጣሪያ መውጣት ያስፈልጋል። ጉልበቴ ከተበላሸ ወዲህ አርዲስ ጣሪያ ከልክላኛለች። እሷ ደግሞ ወንበር ላይ ሲቆሙ እንኳ የሚዞርባት ሴት ናት።

«አንተ ብቻህን ብትወጣ አይሸትህም» አለች። «እኔ ብቻዬን ብወጣ የቱ ቱቦ የቱ እንደሆነ አላውቅም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሁለታችንም ነዋ።»

ኤሎይሳ መሰላሉን ያዘች። ከታች ሆና ስታላግጥብን! «በሉ እናንተ ሙሽሮች፣ ከወደቃችሁ አንደኛው ሌላኛው ላይ ይውደቅ፣ አንድ ሐኪም ይበቃችኋል!» አርዲስ ዓይኗን ጨፍና ነበር የወጣችው። ጣሪያው ላይ እንደ ሕፃን በአራት እግሯ ዳኸች። ጫማዋን ይዤ ተከተልኳት። ቱቦው ጋ ደረስን። ተንበርክካ አፍንጫዋን ክዳኑ ስር አስጠጋች።

«ምንም» አለች።

«እንዴት ምንም?»

«ምንም አይሸትም። የጋለ ፕላስቲክ ብቻ።»

ያኔ ገባኝ። መሽተት ያለበት ጣሪያው ነው! ጣሪያው ካልሸተተ ቤቱ ይሸታል። ታንከሩ አፍንጫው ተደፍኗል፣ ልክ እንደ እኔ።

ክዳኑን ፈታሁት። ቱቦው አፍ ላይ ጭቃ፣ የደረቀ፣ እንደ ሸክላ የጠነከረ። ተርቦች በጋውን ሙሉ ቤት ሠርተውበታል። ሰሜን ዳኮታ ግቢያችን ውስጥ መኪናዋ ቆማ ሳለ መሆን አለበት። በመጥረጊያ እንጨት ወጋሁት፣ ሰበርኩት። የቻልኩትን በእጄ አወጣሁ። የቀረው ወደ ታች ወረደ፤ ይውረድ፣ የባሰ ቦታ አይሄድም። እንጨቱ ድንገት ሰተት ብሎ ገባ...

አርዲስ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ኋላ ተቀመጠች።

«እፍፍፍ! ዌንዴል! ገማ! ወይኔ ገማ!»

«እውነት?»

«ሞቼ ነበር! እፍ! እሰይ! ገማ!»

እንዲህ ያለ የምሥራች ሰምቼ አላውቅም። ጣሪያ ላይ ተቃቀፍን። ኤሎይሳ ከታች «ምንድን ነው? ወርቅ አገኛችሁ እንዴ?» ትላለች።

ሚልት ነፋስ ሲመጣ የሚዞር አዲስ ክዳን ነበረው፤ ለራሱ ገዝቶ ያልገጠመው። ይዞት መጣ። ነፋሱ ራሱ ክዳኑን እያዞረ ከቱቦው ይስባል። እኔው ገጠምኩት። ወርጄ ሶፍቱን ቀዳዳው ላይ ያዝኩ፣ ማራገቢያው ጠፍቶ። ሶፍቱ ወደ ታች ዘመመ። ወደ ታች! አርዲስ ገብታ ቆመች። ጠበቅሁ። የአፍንጫዋን ጥግ አየሁ።

አልተሸበሸበም።

የጋዟ ማስጠንቀቂያም አዲስ ተገዝታ ተገጠመች። መለኮሻው ከዛሬ ጀምሮ የአርዲስ ኪስ ውስጥ ነው። ተስማምቻለሁ። ደስ ብሎኝ አይደለም።

ዲሴምበር 6፣ እሑድ

አሥር ሰዓት። የሚልት ወንበር እኛ በር ላይ። ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ነበረች፣ ምንም አላለም።

ዲሴምበር 17፣ ሐሙስ

ዩማ ከተማ፣ ሐኪም ቤት። በጥፍር ሲፋቅ የሚሸት ወረቀት ሰጡኝ። ትፍቃለህ፣ ታሸታለህ፣ ከአራቱ ትመርጣለህ። ጽጌረዳ ነው? ብርቱካን? ቤንዚን? ሳር? እኔ በእድል መረጥኩ። አርዲስ ከአጠገቤ ተቀምጣ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ቆልፋለች። ለእሷ ሁሉም ይሸታታል እኮ! ከንፈሯን ነክሳ... እንዳትነግረኝ። ትምህርት ቤት ብንሆን አንድ ወንበር ላይ አያስቀምጡንም ነበር።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። አስነሥታ አስኬደችኝ፣ ጣቶቼን አስቆጠረችኝ፣ እጄን አስዘረጋችኝ።

«የአባትዎ በሽታ ነው ማለት አልችልም» አለች። «አይደለምም ማለት አልችልም። እጅዎ ጥሩ ነው፣ አረማመድዎ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው በእርስዎ ዕድሜ ማሽተት ያቆማል፣ ሌላም ምንም ሳይመጣበት ይኖራል። በየስድስት ወሩ እንይዎት።»

«ይመለሳል?»

«እንጃ። ደስ የሚሉዎትን ነገሮች በየቀኑ ያሽቱ፣ ባይሸትዎትም። አንዳንዱ ሰው ይመለስለታል።»

መኪና ውስጥ ገባን። ቁልፉን ሳላዞር ቆየሁ።

«እና?» አለች አርዲስ።

«እና ምን?»

«እናማ ምሳ የት እንብላ?»

ዲሴምበር 24፣ ሐሙስ

ቀዝቃዛ፣ ንፋስ። ክዳኑ ጣሪያ ላይ ሲሽከረከር ይሰማል። እወደዋለሁ ድምፁን።

እንጨት ይዤ ከውጭ ስመለስ አርዲስ በሩን በእግሯ ዘጋችብኝ።

«ምን ሸተተ?»

«አርዲ፣ ይሄ ጭካኔ ነው።»

«ሐኪሟ በየቀኑ ብላለች። ምን ሸተተ? በል!»

ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። መጥበሻ ይንጫጫል። በመስታወቱ ክርኗ ላይ ዱቄት አየሁ።

«ቀረፋ!»

«ወድቀሃል። የድንች ቂጣ ነው። እናትህ ለገና የምትሠራው።»

«ዱቄት አይቼ እኮ ነው...»

«መኮረጅ ክልክል ነው!»

ገባሁ። ትኩሱን ቂጣ በቅቤና በስኳር ጠቅልላ አጎረሰችኝ። አልሸተተኝም፤ ሙቀቱ፣ ቅቤው፣ የስኳሩ ቁርምሽምሽ ግን አለ። ዓይኔን ጨፍኜ በላሁት። «ግሩም ነው» ልል ነበር፣ ተውኩት። «ስኳሩ በዝቷል» አልኳት። ሳመችኝ።

ማሪት ደወለች። «ክፍሉ ዝግጁ ነው እኮ!» አርዲስ፦ «ለእንግዳ አድርጊው፣ የኔ ልጅ።» «እናንተስ?» «እኛ ቤት አለን። በጋ ላይ ቤታችንን ይዘን ደጅሽ ላይ እንቆማለን።» ከዚያ ስልኩን ሰጠችኝ። ለማሪት ሁሉንም ነገርኳት፣ ራሴ። «አባዬ፣ መጥቼ ላይህ?» አለች። ነይ አልኳት። ወንበር ይዘሽ ነይ።

ጃንዋሪ 6፣ ረቡዕ

ዘነበ!

ከመጣን ወዲህ የመጀመሪያው። አሥር ሰዓት ላይ ክብ ሠርተን ተቀምጠን ሳለ ደመናው ከተራራው ጀርባ ጠቁሮ መጣ። ኤሎይሳ «ሩጡ!» አለች፣ ማንም ግን አልሮጠም፤ የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ ነው ሁሉም ወንበሩን አንሥቶ የፈረጠጠው። እኔና አርዲስ ደረጃችን ላይ፣ ከሸራው ጥላ ስር ቀረን።

የበረሃው ዝናብ ሽታ... መጀመሪያ ዓመት የመጣን ጊዜ ነው የያዘን። ቁጥቋጦዎቹ ሲረጥቡ ሽታቸውን ይለቃሉ። ያኔ እኔ ነበርኩ መኪናውን አቁሜ «አርዲ፣ ውጪ! አሽቺ!» ያልኳት። በየዓመቱ የምንመለሰው ለፀሐዩ ነው እንላለን፤ እኔ ግን ለዚያ ሽታ ነበር።

ዘነበ። ጠጠሩ ጠቆረ። አነፈነፍኩ... ምንም። ውሃ አየሁ፣ ውሃ ሰማሁ፣ በቃ።

አርዲስ ዓይኗን ጨፍና አፍንጫዋን ወደ ላይ አንጋጣ ቆማለች።

«ምን ሸተተ?» አልኳት። ተራዬ ነው።

«ቆይ...» አለች። አሰበች። «የመከር የመጀመሪያው ቀን። የጎተራው ትልቁ በር ሲከፈት። ማታ ቤት ስትገባ ኮትህ የሚሸተው። አቧራ... ትንሽ የማሽን ዘይት... ትንሽ ላብ። እንደዚያ ነው፣ ግን እርጥብ።»

«ሽታ ነበረኝ እንዴ?»

«ሁልጊዜ።»

«አንድ ቀን አልነገርሽኝም!»

«አንተ ገና ከበር ላይ ሆነህ የእኔን ሽንኩርት ስትጠራ፣ እኔ ደግሞ ያንተን ኮት ነበር የማሸተው። ደስ ይለኝ ነበር። ምን ብዬ ልንገርህ?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ሽታው አልመጣም። በሩ ግን መጣ። ትልቁ በር፣ የተከፈተው፣ ብርሃኑ ውስጥ የሚንሳፈፈው አቧራ፣ ኮሌታዬ ውስጥ የሚገባው ገለባ፣ ከዚያ ቤት፣ ከዚያ ደረጃው፣ ከዚያ ከጓዳ የምትስቀው።

«ደግመሽ ንገሪኝ» አልኳት።

ደግማ ነገረችኝ።